ስለ ወዳጅም የሚጻፍ የሽብር ሪፖርት

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1987 መገባደጃ ላይ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የውጭ ግንኙነት ሕግ ውስጥ ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ላይ አንድ የቤት ሥራ ጫነ፦ በየዓመቱ (ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 30 ነው) ባለፈው ዓመት የነበረውን የዓለም አቀፍ ሽብር ሁኔታ አገር በአገር ጽፎ ያቅርብ አለ። ሪፖርቱ የሚደርሰው ለተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤና ለሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ነው። በተቻለ መጠን ማንም ሊያነበው በሚችል መልክ ይዘጋጃል፤ ምስጢር ያለበት ክፍል ካለ በአባሪ ይላካል።

ሕጉ ሽብርተኝነትን ራሱ ተርጉሞታል። አስቀድሞ የታቀደ፣ ፖለቲካዊ ዓላማ ያለው፣ ውጊያ ውስጥ በሌሉ ሰዎች ላይ መንግሥት ያልሆኑ ቡድኖች ወይም ስውር ወኪሎች የሚፈጽሙት ጥቃት ነው ይላል። ስለዚህ አንድ መንግሥት በመደበኛ ጦሩ ሰላማዊ ሰው ቢገድል ሌላ ሪፖርት ውስጥ ይገባ እንደሆነ እንጂ እዚህ አይቆጠርም። ድርጊቱ «ዓለም አቀፍ» የሚባለው ደግሞ ከአንድ በላይ አገር ዜጎችን ወይም ግዛትን ሲነካ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። እያንዳንዱ መንግሥት አሜሪካውያንን የጎዱ ተጠርጣሪዎችን በመያዝና ለፍርድ በማቅረብ ምን ያህል እንደተባበረ ይጻፍ ይላል ሕጉ። ኮንግረስ በ2004 ደግሞ የሽብርተኞች መሸሸጊያ የሆኑ ቦታዎችም እንዲገመገሙ ጨመረበት። ወዳጅ አገር ይቅር የሚል አንቀጽ የለም። የየአገሩን ክፍል መጀመሪያ የሚያረቀው እዚያው ያለው ኤምባሲ ነው፤ ጠዋት ከአገሩ ባለሥልጣን ትብብር የሚለምን ዲፕሎማት ከሰዓት ስለዚያው መንግሥት ድክመት መጻፍ አለበት። «ጥረቱ ቀጥሏል፣ ተግዳሮቶች ግን አሉ» የሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሚበዛውም ለዚህ ይመስለኛል። ወርቁን መፈለግ ለአንባቢው ይተዋል። ፓኪስታንን እንይ፤ በ2004 ከኔቶ ውጭ ያለች ዋና አጋር ተብላ ተሰየመች፣ የ2016ቱን ዓመት የሚመለከተው ሪፖርት ግን በአፍጋን ታሊባንና በሃቃኒ ቡድን ላይ በቂ እርምጃ አልወሰደችም ሲል በግልጽ ጻፈ።

ሪፖርቱ በራሱ ማንንም አይቀጣም። ቅጣቱ ያለው በሌሎች ሕጎች ነው። ሽብርን የሚደግፉ መንግሥታት ዝርዝር በ1979 ተጀመረ፤ ሱዳን በ1993 ገብታ የወጣችው በ2020 ነው፣ ያውም ለሽብር ተጎጂዎች 335 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ። ሱዳን ዝርዝሩ ውስጥ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ በጁን 1995፣ የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ ሲገቡ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። የጸጥታው ምክር ቤት በጃንዋሪ 1996 በውሳኔ 1044 ሱዳን በግዛቷ ተጠልለዋል የተባሉትን ተጠርጣሪዎች ለኢትዮጵያ አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ።

ሪፖርቱ ራሱ በጣም የተዋረደው በ2004 ነው። ኤፕሪል ማለቂያ ላይ የወጣው እትም በ2003 የተፈጸሙት ጥቃቶች 190 ብቻ እንደሆኑና ከ1969 ወዲህ ዝቅተኛው ቁጥር ይኸው መሆኑን አበሰረ፤ የስቴት ዲፓርትመንት ሹማምንትም ውጊያውን እያሸነፍን ለመሆናችን ማስረጃ ነው አሉ። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ አለን ክሩገርና ዴቪድ ሌይቲን፣ ሠንጠረዡን ሲመረምሩት የጥቃቶቹ ዝርዝር ኖቬምበር 11 ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በኢስታንቡል ሁለት ምኩራቦች፣ የእንግሊዝ ቆንስላና ኤችኤስቢሲ ባንክ በቦምብ ጋይተዋል፤ ቱርክ ደግሞ የኔቶ አባል ናት። በጁን የታረመው ቁጥር ጥቃቱን 208፣ የሞቱትን ከ307 ወደ 625 አወጣው። የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ስህተት መሆኑን በአደባባይ አመኑ። በዓመቱ ሪፖርቱ ስሙን ቀየረ፤ ቁጥሩንም ሌላ የመንግሥት ተቋም፣ ብሔራዊ የፀረ ሽብር ማዕከል፣ ለብቻው እንዲያወጣው ተደረገ። ስህተቱ ሴራ ነው ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን ካላንደር ያላገላበጠ ቢሮ ነው የሚታየኝ።

የኢትዮጵያ ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው አልሸባብ ላይ ነው። ኦክቶበር 13 ቀን 2013 ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ስትጫወት፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ሶማሊያውያን ሞቱ። ከተማው ዓይኑን ኳሱ ላይ ተክሎ ነበር።

ስለ ወዳጅ አገር መጻፍ የሚያስቸግረው ግን እዚህ ላይም ነው። ኢትዮጵያ የአሜሪካ የፀረ ሽብር አጋር ሆና ሳለ በ2009 ያወጣችው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ (ቁጥር 652) ጋዜጠኞችንና ተቃዋሚዎችን ለማሰር ዋለ። ፓርላማው በ2011 ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን በሽብርተኝነት ፈረጀ። ዋሽንግተን አልሸባብን ከ2008 ጀምሮ በራሷ ዝርዝር ይዛዋለች፤ ሦስቱን ግን አላስገባቻቸውም። አዲስ አበባም በ2018 ሰረዘቻቸው፤ አዋጁም በ2020 በአዋጅ 1176 ተተካ።

ኤፕሪል 30 የሚለው ቀን ብዙም አይከበርም። የ2021 ሪፖርት የወጣው በፌብሩዋሪ 2023 ነው።