የአገልግሎት ዘርፍ ሲያድግ አገርም ያድጋል?

ዜና ላይ «የአገልግሎት ዘርፉ አደገ» ሲባል ብዙ ሰው ሆቴልና ካፌ ብቻ ይመስለዋል። ዘርፉ ግን ሰፊ ነው። ንግድ፣ ትራንስፖርት፣ ባንክ፣ ቴሌ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ የመንግሥት ቢሮ ሥራ ሳይቀር እዚያው ይቆጠራል። ለዕድገት ያላቸው ጉልበት ግን ለየቅል ነው።

ፀጉር ቤትን እንውሰድ። አንድ ሰው ለመቁረጥ ዛሬም የድሮውን ያህል ጊዜ ይፈጃል ማለት ይቻላል። ደንበኛው የሰፈር ሰው ስለሆነ ገቢውም በሰፈሩ ኪስ ልክ ነው። ክቡር ሥራ ነው፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ዶላር ግን አያመጣም።

ከሌጎስ ተነስቶ በቦሌ በኩል ወደ ቻይናዋ ጓንዡ የሚሄደውን ናይጄሪያዊ ነጋዴ ደግሞ ተመልከቱ። ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የከፈለው የትኬት ዋጋ ልክ እንደ ቡናችን ኤክስፖርት ነው። ከኤርፖርቱ ሳይወጣ የውጭ ምንዛሪ አስገብቶልናል። የህንዷ ባንጋሎርም በሶፍትዌር የገነነችው ለውጭ ደንበኛ በመሸጥ ነው።

ታዲያ በአገልግሎት ብቻ እንደግ? ለእኛ የሚበቃ አይመስለኝም። አውሮፕላን ማብረርም ሆነ ኮድ መጻፍ ረጅም ትምህርት ይጠይቃል። ከገጠር የሚመጣው ወጣት በጥቂት ወር ሥልጠና ሊገባበት የሚችለው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከሌለ ዕጣው ጉልት ወይም የቀን ሥራ ይሆናል።