የቆጡን አወርድ ብላ፦ ብብቷ ውስጥ ምን ነበር?

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።" ይህን ተረት ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ ሰማሁት። የተተረተባት ልጅ የሁለት ሰው ሥራ ደርባ የያዘች ናት። ባልደረባዋ ሲለቅ የእሱ ሥራ ወደ እሷ ዞረ። በላዩ ላይ ሌላ "አስቸኳይ" መጣ። በመጨረሻ የወሩ ሪፖርት አመለጣት። አለቃዋ ፈገግ ብለው ተረቱን ጣል አደረጉባት፤ ሰውም ሳቀ። እሷ ለመሳቅም አቅም አልነበራት።

ዛሬ ዛሬ ይህ ተረት የስግብግብ መስደቢያ ሆኗል። ደሞዝ ጨምሮለት ሥራ የቀየረ ይተረትበታል። ማታ የምትማር ሠራተኛ ይተረትባታል። እኔ ግን ተረቱ እጁ ስለሞላበት ሰው የተነገረ ይመስለኛል። ለምን እንደመሰለኝ ልናገር።

ቆጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የዕቃ ማስቀመጫውን ነው፤ ጎጆው ውስጥ ከፍ ብሎ በእንጨት የተረበረበውን። ተረቱን የሚያብራሩ ሰዎችም ሴትዮዋን እዚያ ሥር ያቆሟታል። ብብቷ ውስጥ ደግሞ አንድ ምንነቱ የማይታወቅ ጥቅል ያስይዟታል። አልዋጥልህ አለኝ። ጥቅል ቢወድቅ ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው። ለዚህ ማን ተረት ይተርታል?

ቆጡ የዶሮ ቆጥ ነው ባይ ነኝ። ብብቷ ውስጥም ዶሮ ነበረች።

ዶሮ ያሳደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቀን ዶሮ መያዝ መከራ ነው። ግቢው በልጆች ሩጫ ይታመሳል፣ ዶሮዋ አጥር ሥር ትሾልካለች፣ ያዝኳት ሲሉ ላባ ብቻ እጅ ላይ ይቀራል። ሲመሽ ግን ነገሩ ይቀላል። ዶሮ በጨለማ አጥርታ አታይም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ራሷ ቆጥ ላይ ወጥታ ትሰፍራለች። ስለዚህ ነገ ገበያ የምትወጣ ወይም ለበዓል የምትታረድ ዶሮ የምትያዘው ማታ ነው። ከተያዘች በኋላስ? ብብት ውስጥ ትገባለች። ክንፏን በክንድ ጫን አድርጎ ከጎን ማጣበቅ ነው። ያኔ አትወራጭም፤ ዝም ትላለች። ዝም ስትል ደግሞ መያዟ ይረሳል።

ከዚያ ሁለተኛዋ አለች። ቆጡ ከፍ ያለ ነው። ዶሮም በአንድ እጅ አትወርድም፣ ትንፈራገጣለች። ሌላኛው እጅ ሳይታወቅ ለእርዳታ ይነሳል። ክንድ ሲነሳ ብብት ይከፈታል። ዓይን ያለው ላይ፣ ቆጡ ላይ ነው፤ ብብትን ማንም አያየውም።

"ዶሮ ታመልጣለች እንጂ ትጣላለች ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ግምቴን ትንሽ ያንገዳግደዋል፣ አልክድም። ቢሆንም "ገንዘብ ጣልኩ" የሚል ሰው መሬት ወርውሬው መጣሁ ማለቱ አይደለም። ጠፍቶበት ነው።

አያቴ ቤት ክረምት ስናሳልፍ ይህ የማታ ሥራ የእኛ የልጆች ነበር። አንዷን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ወደ ሌላዋ ስንጠራራ "ቆይ! መጀመሪያ ይቺን እሰራት" ትለኛለች። እግሯ በልጥ ይታሰራል፣ ወይ እንቅብ ይደፋባታል። ወደ ቆጡ የምንመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትፈጭና ስታበጥር በዋለችበት ቀን ደግሞ ማሰሩን ይበልጥ ታጠብቀው ነበር። ያኔ ደክሟት የምትነጫነጭ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩ ሌላ ነው። የደከመ ክንድ መቼ እንደላላ ለባለቤቱም አይታወቀውም።

ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ አንዱን ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ከፊል ሐሳቡ ከፊተኛው ጋር እንደሚቀር፣ ለአዲሱም እንደማይሆን አሳይታለች። በ2018 ከባልደረባዋ ጋር ስትመለስበት ደግሞ አንድ ዘዴ ፈተኑ። ሰውየው ከመሻገሩ በፊት የት እንዳቆመና ሲመለስ ከምን እንደሚጀምር ለአፍታ ይጽፋል። የጻፉት ሰዎች በሚቀጥለው ሥራ ላይ ሐሳባቸው የተሻለ ተሰበሰበ። የአያቴ ልጥ እኮ ነው!

ሥራ ተደራርቦብህ ስትዝል "ሞራሌ ወረደ" ትላለህ። አነቃቂ ቪዲዮ ትከፍታለህ፣ ቪዲዮው ሌላ ቆጥ ያሳይሃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ብብቴን እፈትሻለሁ። የያዝኩት ማለቅ የሚችል ከሆነ እጨርሰዋለሁ። ካልቻለ ሁለት መስመር ጽፌበት ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ከዚያ የሚመጣው ይምጣ። በጣም በዛልኩበት ቀን ደግሞ ሁለተኛዋ ዶሮ ቆጧ ላይ ትደር። የትም አትሄድም።

ወደ አለቆች ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የሥራ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲገልጽ፣ መነሻው በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና ነው ብሏል። እንግዲህ ቆጡን በጣቱ ያሳየው፣ "አውርጂ" ያለው ሰው ራሱ ዞሮ "ጣልሽ" ብሎ ሲተርት ምን ይባላል? ያቺ ልጅ የቆጡን አላማራትም። ታዛ ነው። ሁለት ነገር ለሚያምረው ሰውማ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" የሚል ተረት አለላችሁ፤ እሱን ተጠቀሙ። ደግሞ "ብላ" እና "ጣለች" ስለሚል ለሴት ብቻ የተነገረ እየመሰላቸው ሴት ላይ ብቻ የሚተርቱ አሉ። ወንድም ብብት አለው።