ሥርዓት ከሱቅ አይገዛም፦ የጂም ባለቤቶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ጊዜ አጣሁ፤ የጂም ሶፍትዌር ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ይህን ጥያቄ ከአዲስ አበባ የጂም ባለቤቶች ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል። መልሴ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ነሐሴ 10 የአንድ ወር የከፈለ አባል ጊዜው የሚያልቀው መቼ ነው?

ወዲያው የሚመልስልኝ ጥቂት ነው። ከወር እስከ ወር ካልን መስከረም 10 ነው። ሠላሳ ቀን ከቆጠርን፣ ጳጉሜ አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 5 ይሆናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሄድን ደግሞ ከኦገስት 16 እስከ ሴፕቴምበር 16 ስለሆነ መስከረም 6 ላይ ያልቃል። እንግዳ ተቀባይዋ አንዱን፣ አሰልጣኙ ሌላውን ይናገራሉ፤ አባሉ ይቆጣል፤ ማታ ስልክ ለባለቤቱ ይደወላል። ጊዜያችሁን የሚበላው ይህ ነው። ሶፍትዌር የወሰናችሁትን ያስፈጽማል እንጂ ያልወሰናችሁትን አይወስንላችሁም።

አንድ የማውቀው ባለቤት በሩ ላይ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ አስገጠመ። «ሁዳዴን አልመጣሁም፤ ቀኑ ይካካስልኝ» የሚል አባል ሲመጣ ምን እንደሚባል ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። እንግዳ ተቀባይዋ ክርክሩ ሲሰለቻት በሩን ራሷ መክፈት ጀመረች። በሦስተኛው ወር መሣሪያው ተነቀለ።

አብረን ተቀምጠን የሠራነው ሥራ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀ። ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው ተባለ፤ የሚያልቅበት ቀን በክፍያው ዕለት ደረሰኙ ላይ ይጻፋል። ለጊዜው ማቋረጥ የሚፈልግ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ከአሥራ አምስት ቀን ያላነሰ፣ ከሁለት ወር ያልበለጠ ይፈቀድለታል፤ ካለፈ በኋላ የሚጠይቅ አይካካስለትም። ይህ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ኤክሴል ተከፈተ፦ በአንዱ ዓምድ የተከፈለበት ቀን፣ በቀጣዩ ያው ቀን ሲደመር 30። ቅዳሜ ጠዋት እንግዳ ተቀባይዋ ሰንጠረዡን በማብቂያ ቀን ትደረድራለች፤ ሳምንት ለቀራቸው አጭር መልእክት ትልካለች። የማታው ስልክ ቆመ። አሁን ሶፍትዌር ቢገዛ ይጠቅመዋል፤ ምን እንደሚያዘው ያውቃልና።

«መብራት ስለሚጠፋ ኮምፒውተር ከንቱ ነው» ይባላል። አንድ ደብተር በሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ መብራት ሲመጣ ይገልበጥ።

«ማሽን የሚታየው ሲበላሽ ነው» የሚለውም ውድ ስህተት ነው። የመሮጫ ማሽን በየጊዜው አቧራው መጠረግና እንደ አምራቹ መመሪያ ዘይት መቀባት አለበት፤ ቀኑንና የሠራተኛውን ስም ጻፉ።

«በቴሌብር ከተከፈለ ሒሳቡ ራሱን ይይዛል» የሚሉም አሉ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ አቅልሎልናል፤ ነገር ግን ክፍያው በሠራተኛ የግል ስልክ ከገባ ምሽቱን ገንዘብ ስታፈላልጉ ታመሻላችሁ። በድርጅቱ ስም የነጋዴ ሒሳብ ክፈቱ። አባሉ የሚያሳያችሁን የስክሪን ፎቶ አትቀበሉ፤ ገንዘቡ መግባቱን በራሳችሁ ስልክ አረጋግጡ።

«እኔ ከሌለሁ ጂሙ ይፈርሳል» ለሚሉት ደግሞ፦ ጂም የሚጨናነቀው ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። በእነዚህ ሰዓታት ተገኙ፤ አባላቱን በስማቸው ጥሩ፤ የቀሩትን ጠይቁ። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ አዳራሽ መጠበቅ የእናንተ ሥራ አይደለም። ልጆቻችሁ ቤት አሉ።