40 እና 80 ቀኑ ጤና ጣቢያን አይመለከትም

ባሕር ዳርም ሆነ ዘጌ አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ፣ ገንፎው ሳይቀርብ «ክርስትናው መቼ ነው?» ይባላል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። እናትም እስከዚያው ቤተ መቅደስ አትገባም። ቁጥሩ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይ አለ። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት መግባታቸውን ይተርካል።

ችግሩ አንዳንድ ቤተሰብ ይህን «አራስ ከቤት አትወጣም» ብሎ መተርጎሙ ነው። (ምጥ ላይ «ማርያም ማርያም» የተባለው እኮ ሐኪም ቤት ነው!) ሥርዓቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ስለ ክትባት አይናገርም። የ6 ሳምንቱ ክትባት ከሴት ልጅ ክርስትና አንድ ወር በላይ ይቀድማል። ደም የበዛባት ወይም ያተኮሳት አራስማ አንድ ቀንም አትጠብቅ። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዘው፣ ካህኑም ቀኑን ሳይጠብቁ ያጠምቁታል።