ስክሪፕት ፎንት ምንድን ነው? ዘመም ያለ ፊደል ሁሉ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የግብዣ ካርድ አየሁ። ስሞቹ የተጻፉት በሚያምር ስክሪፕት ፎንት፣ ማለትም የእጅ ጽሕፈት በሚመስል የሕትመት ፊደል ነው፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትልልቁ የላቲን ፊደል። ሦስት ጊዜ አንብቤው ማን እንደጋበዘ መለየት አቃተኝ። ጥፋቱ የፎንቱ አይደለም።

"ስክሪፕት ያው ኢታሊክ (ዘመም ያለው የመጽሐፍ ፊደል) ነው፤ ሁለቱም የመጡት ከእጅ ጽሕፈት አይደል?" ብሎ የሚከራከር ሰው አጋጥሞኛል። ስለ አመጣጣቸው እውነቱን ነው። ፊደል ቀራጩ ፍራንቼስኮ ግሪፎ ለቬኒሱ አሳታሚ ለአልዶ ማኑዚዮ የቀረጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1501 ሙሉ መጽሐፍ የታተመበት ኢታሊክም መነሻው የእጅ ጽሕፈት ነው። ኢታሊክ ግን ለንባብ የተሠራ ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ስክሪፕት የብዕሩን ጉዞ ራሱን ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ፊደል ጭራ ቀጣዩን ይይዛል። ሹል ብዕር ወደ ታች ሲጫኑት መስመሩ ይወፍራል፣ ወደ ላይ ሲመለስ ይቀጥናል። ውበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማዘንበሉ ብቻውን ምንም አያደርግም።

አውራጅና ተቀባይን አስቡ። ትልቁ ፊደል አውራጅ ነው። ተጠማዞ፣ ቦታ ይዞ፣ ዜማውን ያወጣል። ትንንሾቹ ተያይዘው ይቀበሉታል። ስሙን በሙሉ በትልልቁ ስትጽፉት ሁሉም አውራጅ ሆኖ ይጮኻል፤ የሚቀበል ጠፋ። በፊደላቱ መካከል ክፍተት ስትጨምሩ ደግሞ ተቀባዮቹን በማይሰማሙበት ርቀት በታተናችኋቸው። መጋጠሚያው ይበጠሳል። እሱ እኮ ብዙ የተደከመበት ነው! በድሮው ሕትመት እያንዳንዱ ፊደል የብረት ቁራጭ ስለነበር፣ ያዘነበለ ፊደልን በአራት ማዕዘን ቁራጭ ላይ ማገጣጠም ከባድ ነበር። ፊደል ነዳፊው ማቲው ካርተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስኔል ራውንድሃንድ የተባለውን ስክሪፕት ፎንት ሲሠራ፣ በብረት ፈንታ ፊደልን በፎቶ የሚደረድረው የፎቶ ፊደል ለቀማ ስለመጣ ነው ጭራዎቹን በነፃነት ማያያዝ የቻለው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከአውራጁ ጣጣ ነፃ ነው።

ሌላም አለ፤ ስክሪፕት ፎንትን "ካሊግራፊ" ማለት። ካሊግራፊ በእጅ የሚጻፍ ነው፤ ጸሐፊው አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፈውም። ፊደል ነዳፊው ሄርማን ዛፕፍ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ዛፕፊኖ የተባለ ስክሪፕት ፎንት ሲነድፍ ለአንድ ፊደል ብዙ ቅርጽ ያዘጋጀው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ፎንት ፎንት ነው።

ለሕትመት የምትሰጡ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ስክሪፕት በትንሽ መጠን አታስገቡ። ቀለሙ ሲንሰራፋ ፀጉር የሚያክሉትን መስመሮች ይውጣቸዋል። ስክሪን ላይ ስላማረ ወረቀት ላይ ያምራል ማለት አይደለም።

እናም ለርዕስ፣ ለሎጎ፣ ሰርተፊኬት ላይ ለሚጻፍ ስም ተጠቀሙበት፣ በደንብ አተልቁት። አድራሻውንና ስልክ ቁጥሩን ግን በተራ ፎንት ጻፉልን።