ደፍ ላይ አይጨባበጡም፦ እንግዳን ግራ የሚያጋቡ የሩሲያ ልማዶች

ሩሲያ የሄደ የውጭ ሰው መጀመሪያ በብርዱ ያማርራል፣ ቀጥሎ በሰዉ ፊት። ባለሱቋ ፈገግ አትልም። ሜትሮ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዓይን ለዓይን ከተጋጫችሁ ኮስተር ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። አንድ አሜሪካዊ ይህን እንደ ጥላቻ ሊወስደው ይችላል። ሩሲያውያን ግን ፈገግታን የሚያስቀምጡት ለሚያውቁት ሰው ነው፤ ለማያውቀው ሰው ጥርሱን የሚያሳይ ወይ የሚሸጠው ነገር አለው ወይ ጤንነቱ ያጠራጥራል። «ያለ ምክንያት መሳቅ የሞኝ ምልክት ነው» የሚል አባባልም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫን ሲያስተናግዱ የባቡርና የሜትሮ ሠራተኞች ለእንግዳ ፈገግ እንዲሉ ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። ፈገግታ በሥልጠና!

ያው ኮስታራ ሰውዬ ቤቱ ሲጋብዛችሁ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የሩሲያ ኑሮ ውጭና ውስጥ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ ድንበሩም የበሩ ደፍ ነው። ደፍ ላይ ቆሞ መጨባበጥ የለም፣ ዕቃ መቀባበልም የለም። ወይ እንግዳው ይገባል ወይ ባለቤቱ ይወጣል። በጥንቱ እምነት ዶሞቮይ የሚባለው የቤት ጠባቂ መንፈስ የሚኖረው እዚያው ደፍ ሥር ነው። ዛሬ በዶሞቮይ የማያምን የባንክ ሠራተኛ እንኳ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ያስገባችሁና ከዚያ ነው እጁን የሚዘረጋው።

ከገባችሁ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው። ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠ ነጠላ ጫማ፣ እነሱ ታፖችኪ የሚሉት፣ በር አጠገብ ይጠብቃችኋል። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው፤ ኬክ ወይ ቸኮሌት ይበቃል። አበባ ከያዛችሁ ግን ቁጠሩ። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እሺ። ሁለት ወይም አራት ለቀብር ነው። ይህን ሳያውቅ ለፍቅረኛው እናት ስድስት ጽጌረዳ ይዞ የሄደ የውጭ ሰው፣ ሴትየዋ አንዷን ዘንግ በፈገግታ መዝዛ ለብቻ ስታስቀምጣት ቢያይ አይደነቅ። ከዚያ ሻይ ይቀርባል። ማርማላታውን ዳቦ ላይ መቀባት አይጠበቅባችሁም፣ በማንኪያ እየዛቁ ከሻዩ ጋር ይበሉታል። ጨዋታው ደግሞ ሳሎን ሳይሆን ጠባቧ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በሶቭየት ዘመን ሰው እውነቱን የሚያወራባት ቦታ እሷ ነበረች፤ ፖለቲካውም ሐሜቱም ቀልዱም እዚያ ነበር፣ እስከ ሌሊት ድረስ። ልማዱ አልጠፋም፣ አሁንም ሰዉ ወደ ምድጃው አጠገብ ይሰበሰባል።

እንግዲህ አውሮፓውያን ስለ ሩሲያ የሚጽፉትን ሳነብ የሚገርመኝ፣ እነሱን ግራ ከሚያጋባው ውስጥ ግማሹ ለሐበሻ እንግዳ አለመሆኑ ነው። የአባት ስም አንዱ ነው። ሩሲያዊ በራሱ ስምና በቤተሰቡ ስም መካከል የአባቱን ስም ይይዛል፣ ለወንድ «ኦቪች» ለሴት «ኦቭና» የሚል ቅጥያ ተጨምሮበት። አባቷ ኢቫን የሆነች መምህርት ተማሪዎቿ «ማሪያ ኢቫኖቭና» ይሏታል እንጂ ማሪያ ብለው አይጠሯትም። አንተና እርስዎን ይለያሉ፤ የትዳር ጓደኛቸውን እናት እርስዎ የሚሉም አሉ። እኛ ላይ ሳይቀር የሚከብደው የቁልምጫ ስሙ ነው። አሌክሳንድር ሳሻም ሹራም ይሆናል፣ አሌክሳንድራ የምትባል ሴትም ያው ሳሻ ናት። ቭላዲሚር ደግሞ ቮቫም ቮሎድያም ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰው የመሰላችሁ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገርማ የኛው ነው ማለት ይቻላል። ቦልሼቪኮች እ.ኤ.አ. በ1918 ካላንደሩን ሲቀይሩ ከጥር 31 ማግስት በቀጥታ የካቲት 14 ሆነ፣ በአውሮፓውያን ወር። አሥራ ሦስት ቀን ጠፋ። ቤተ ክርስቲያኗ ግን በአሮጌው ቀጠለች፤ ስለዚህ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ከኛው ታኅሣሥ 29 ጋር አንድ ቀን። አገሬው በዚህ አላበቃም፣ ጃንዋሪ 13 ማታ «አሮጌውን አዲስ ዓመት» ይደግመዋል። የገና ዛፍም ታሪክ አለው። ሃይማኖታዊ ነው ተብሎ ተከልክሎ ከቆየ በኋላ በ1935 የአዲስ ዓመት ዛፍ ሆኖ ተመለሰ። ዛሬም ዛፉ፣ ስጦታውና ነጭ ጢሙ አያት፣ ዴድ ሞሮዝ፣ ከዲሴምበር 31 ሌሊት ጋር ናቸው። የክሬምሊን ሰዓት እኩለ ሌሊትን ይደውላል፣ ጠረጴዛው ላይ በማዮኔዝ የታሸ ኦሊቪዬ የተባለው ሰላጣ አለ። ችግሩ ያ ሌሊት የገና ጾም ውስጥ መዋሉ ነው! አጥባቂው ምእመን ሌላው ሰላጣውን ሲጨልፍ ያያል።

ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 19 ነው፣ የኛው ጥር 11። እዚህ ላይ ነው ሐበሻም ዓይኑ የሚፈጠጠው። የቀዘቀዘ ሐይቅ ወይም ወንዝ ላይ በረዶውን በመስቀል ቅርጽ ይቆርጡታል፤ ጉድጓዱን ዮርዳኖስ ይሉታል። ካህኑ ይባርካል። ከዚያ ሕዝቡ ልብሱን አውልቆ እየገባ ሦስት ጊዜ ይጠልቃል፣ አሮጊቷም ጎረምሳውም። እኛ ጃን ሜዳ ላይ በፀሐይ ጠበሉ ሲረጨን እንኳ እንሸሻለን።

ይህን ያደረገች ያችው አሮጊት ግን ስክቮዝንያክን ትፈራለች። ስክቮዝንያክ በተከፈተ በርና መስኮት መካከል የሚያልፍ ነፋስ ነው። ማጅራት ያደርቃል፣ ኩላሊት ያሳምማል ይባላል። ባርኔጣ ሳያደርግ የወጣን ጎረምሳ የማታውቀው ባቡሽካ መንገድ ላይ አስቁማ ትቆጣዋለች፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ልጅማ «መውለድ አትፈልጊም እንዴ?» ትባላለች። ጀርመኖች በዚህ ይስቃሉ። ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት፣ ነፋስ ይመታናል» ሲባል ያደገ ሰው ግን ምን ያስቀዋል?

የሚያስቀው ሌላ አለ። ውጭው በረዶ ሆኖ የአፓርታማው መስኮት ክፍት ነው፣ ሰውዬው ውስጥ በካናቴራ ተቀምጧል። ምክንያቱ ማሞቂያው ከማእከል የሚመጣ መሆኑ ነው። የውጩ አማካይ ሙቀት ለአምስት ተከታታይ ቀናት ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ማሞቂያው ለከተማው በሙሉ ይከፈታል፣ በብዙ አሮጌ ሕንፃ ደግሞ ነዋሪው የሚቀንስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሲሞቀው መስኮት ይከፍታል። በጋ ላይ ግልባጩ ይመጣል፦ ቧንቧ ለመጠገን ተብሎ ሙቅ ውኃ እስከ 14 ቀን ይቋረጣል። የየሰፈሩ ተራ አስቀድሞ ይነገራል። ውኃ በድስት አሙቆ በጣሳ መታጠብ በኑክሌር ኃይል አገር! አዲስ አበባ ላደገ ሰው ትምህርት አያስፈልገውም።

ባንያ ግን ትምህርት ያስፈልገዋል። የእንፋሎት ቤት ነው። ራሳችሁ ላይ የሱፍ ባርኔጣ ታደርጋላችሁ፣ ሌላ ብዙም ልብስ የለም። እንፋሎቱ ሲበረታ ጓደኛችሁ በርች ከሚባለው ዛፍ ቅጠል በታሰረ ጭራ ጀርባችሁን ይገርፋችኋል፣ ለጤና ብሎ። ከዚያ ወጥቶ በረዶ ላይ መንከባለል፣ ተመልሶ መግባት፣ ሻይ መጠጣት። የንግድ ስምምነትም የሚያልቀው እዚያ ነው ይባላል። ባንያው ብዙ ጊዜ ያለው ዳቻ ውስጥ ነው፤ ዳቻ ከከተማ ወጣ ያለች የአትክልት ቤት ናት። በሶቭየት ጊዜ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ በኩል የሚያገኘው የተለመደው ቦታ 600 ካሬ ሜትር ነበር። በ1990ዎቹ ደመወዝ ሲቀር ብዙ ቤተሰብ ክረምቱን የተሻገረው እዚያ በቆፈረው ድንች ነው። አሁን ድንች ሱቅ ሞልቷል፣ ግን ዓርብ ማታ ከሞስኮ የሚወጣው መንገድ እንደተዘጋ ነው።

ስለ ጉዞ ካነሳን፣ ሩሲያዊ ሩቅ ሊሄድ ሲል ሻንጣውን ይዞ ይቀመጣል። ታክሲው ታች ጡሩንባ እየነፋ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ዝም ብሎ ትንሽ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይነሳል። የረሳውን ዕቃ ሊወስድ ከተመለሰ መስተዋት አይቶ ነው የሚወጣው። ቤት ውስጥ ማፏጨት ገንዘብ ያባርራል፣ ባዶ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አይቆምም። ይህ የአሮጊቶች ነገር ነው የሚል ካለ የጠፈር ተጓዦቹን ይመልከት። ጋጋሪን በ1961 ወደ ሮኬቱ ሲሄድ አውቶቡሱን አስቁሞ የኋላ ጎማው ላይ ሽንቱን ሸንቶ ነበርና፣ ባይኮኑር ከሚባለው የሮኬት ማስወንጨፊያ የሚነሱ ወንዶች እሱን ሲደግሙ ኖረዋል።

ልደትን ቀድሞ እንኳን አደረሰህ ማለት ክፉ ምልክት ነው። ኬኩን ገዝቶ ቢሮ የሚያመጣውም ባለልደቱ ራሱ ነው። ማርች 8፣ የሴቶች ቀን፣ የሥራ ቀን አይደለም፣ ወንዱ ሁሉ አበባ ይዞ ይሯሯጣል፤ የወንዶቹ ቀን ፌብሩዋሪ 23 ነው። የሚገርመው፣ በ1917 የፔትሮግራድ ሴቶች ዳቦ ብለው ወጥተው አብዮቱን ያስነሱበት ማርች 8 በአሮጌው ካላንደር ፌብሩዋሪ 23 ነበር።

መጨረሻ ላይ ክሊኒክ። ወረፋ አለ፣ ሰልፍ ግን የለም። ሰዉ ተበታትኖ ተቀምጧል። እንግዳው ግራ ገብቶት ሐኪሙ በር ላይ ቢቆም ሁሉም ይጮኹበታል። መግባት ያለበት «የመጨረሻው ማነው?» ብሎ ጠይቆ ነው። አንዷ እጇን ታነሳለች፣ ከዚያ እሱ ከእሷ ቀጥሎ ነው፤ ሻይ ጠጥቶ ቢመለስ እንኳ ቦታው አይጠፋም። ሥርዓቱ ያለ ወረቀት ያለ ቁጥር ይሠራል። የሚያፈርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ «እኔ ለመጠየቅ ብቻ ነው» ብሎ በሩን ከፍቶ ገብቶ ሃያ ደቂቃ የሚቆየው።