የብግነት ጠቋሚ ምንድን ነው? በፋይብሮማያልጂያስ ለምን ዝም ይላል?

ከማጅራቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚያመው ሰው ደሙ ተመርምሮ «ምንም የለብህም» ሲባል ደስ ከመሰኘት ይልቅ ግራ ይጋባል። ሕመሙ አልሄደማ! ፋይብሮማያልጂያ ያለባቸው ሰዎች ያንን የምርመራ ወረቀት በደንብ ያውቁታል። ሕመሙ መላ ሰውነትን አዳርሶ ከሦስት ወር በላይ ይዘልቃል፤ ተኝተው የማይጠግቡት እንቅልፍ፣ ድካምና የሐሳብ መደብዘዝም አብረውት ይመጣሉ። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነው።

ወረቀቱ አልዋሸም፤ የመለሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ብግነት ሰውነት ለጉዳት ወይም ለተሕዋስያን የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። በዚያን ጊዜ ደም ውስጥ መጠናቸው የሚለወጡ ነገሮች የብግነት ጠቋሚዎች ይባላሉ። አዘውትረው ከሚታዘዙት አንዱ ኢ.ኤስ.አር. ነው። እንዳይረጋ የተደረገ ደም በቀጭን ቱቦ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀይ የደም ሴሎች ወደ ታች ሲዘቅጡ ከላይ ገለባ መልክ ያለው ፈሳሽ ይቀራል፤ የፈሳሹ ቁመት በሚሊሜትር ይነበባል። በቃ፣ ምርመራው ይኸው ነው። ብግነት ሲኖር ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ስለሚበዛ ሴሎቹ እንደ ሳንቲም እየተደራረቡ ቶሎ ይወርዳሉ። ሌላው ሲ.አር.ፒ. ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 በሳንባ ምች ሕመምተኞች ደም ውስጥ የተገኘ፣ ጉበት በተለይ ኢንተርሉኪን-6 የተባለው የመከላከያ ሥርዓት መልእክተኛ ሲቀሰቅሰው የሚያመርተው ፕሮቲን።

ሐኪሞችም መጀመሪያ ብግነት መስሏቸው ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ጋወርስ እ.ኤ.አ. በ1904 ለእንዲህ ያለው የጡንቻ ሕመም «ፋይብሮሳይተስ» የሚል ስም አወጣ፤ «አይተስ» የሚለው ቅጥያ ብግነትን ያመለክታል። የጡንቻ ናሙና እየተወሰደ ሲታይ ግን የተባለው ብግነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፋይብሮማያልጂያ የሚለው መጠሪያ ሲመጣ ብግነቱ ከስሙ ወጣ፤ ሕመሙ ቀረ።

ታዲያ ምርመራው ለምን ይታዘዛል? ሌላውን በሽታ ለመለየት ነው። መገጣጠሚያን የሚያስቆጣው ሩማቶይድ አርትራይተስና ትከሻንና ዳሌን የሚያሳምመው ፖሊማያልጂያ ሩማቲካ የብግነት በሽታዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠቋሚዎቹን ከፍ ያደርጋሉ። ነገሩን የሚያወሳስበው ፋይብሮማያልጂያና እንዲህ ያለ በሽታ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። የሩማቶይድ ሕመምተኛ በመድኃኒት ብግነቱ በርዶለት፣ ሲ.አር.ፒ.ው ወርዶለት፣ ሕመሙ ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ፋይብሮማያልጂያን ሳያስቡ የብግነት መድኃኒት መጨመር ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አያበዛም።

ይህ ማለት ግን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በነገሩ እጁ የለበትም ማለት አይደለም። አንዳንድ ጥናቶች ኢንተርሉኪን-6ና ኢንተርሉኪን-8 በፋይብሮማያልጂያ ሕመምተኞች ከፍ ብለው አግኝተዋል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የሕመምተኛውና የጤነኛው ቁጥርም ይደራረባል። የሰውነት ውፍረትና የእንቅልፍ ማጣትም እነዚህኑ ቁጥሮች ስለሚያንቀሳቅሱ፣ በእነርሱ ብቻ በሽታውን መለየት አይቻልም።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ የነርቭ ሥርዓቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአንጎል ምስል የተደገፈ ጥናት የነርቭ ደጋፊ የሆኑት የግሊያ ሴሎች በሕመምተኞቹ አንጎል ውስጥ እንደተነቃቁ የሚያመለክት ምልክት አሳየ። በ2021 ደግሞ ተመራማሪዎች ከሕመምተኞች ደም የተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል ለአይጦች ሲሰጡ፣ አይጦቹ ለጫናና ለቅዝቃዜ ከወትሮው ይልቅ ስሱ ሆኑ። የተለመደው የብግነት ምርመራ እንዲህ ያለውን ነገር ላያሳይ ይችላል።

ብግነትን የሚያበርዱት አይቡፕሮፌንና ፕሬድኒሶሎን ለዚህ ሕመም እምብዛም የማይረዱትም ከዚሁ የተነሣ ይመስላል። ቀስ በቀስ የሚጨመር የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍ ማስተካከያ፣ እንደ ዱሎክሰቲንና ፕሪጋባሊን ያሉ በነርቭ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች የተሻለ ይረዳሉ። የደም ምርመራውንም በየወሩ መደጋገም አያስፈልግም። መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ግን «ይህማ የድሮው ሕመሜ ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ያን ጊዜ ቱቦው እንደገና ለአንድ ሰዓት ይቁም።